ንግሥት ጌንሜይና የመዳቡ አደራ

ጃፓን ከ1300 ዓመት በፊት በመላ አገሯ ሊሠራበት ታስቦ ያወጣችው የመዳብ ገንዘብ ዋዶ ካይቺን ይባላል። ይህን ገንዘብ ያስወጡት ንግሥት ጌንሜይ ናቸው። ንግሥቲቱ በዙፋን ላይ የቆዩት ለስምንት ዓመት ያህል ብቻ ሲሆን፣ በዚህ አጭር ዘመን ውስጥ መዳብ አስቀልጠው ገንዘብ አስወጥተዋል፤ አዲስ ዋና ከተማ አሠርተዋል፤ የአገራቸው ጥንታዊ ታሪክም በመጽሐፍ እንዲሰፍር አድርገዋል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ለማኅበራችን አባላት ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው የገንዘቡ ጉዳይ ይመስለናል። አንድን ዕቃ አሳምሮ መሥራት አንድ ነገር ሲሆን፣ የተሠራው ዕቃ በሕዝብ መካከል ገብቶ የታሰበለትን ተግባር እንዲፈጽም ማድረግ ግን ከዚያ የረዘመ ሥራ መሆኑን የእኚህ ንግሥት ታሪክ አጉልቶ ያሳያልና።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወራቱ ግን በዚያን ጊዜ ጃፓኖች ይጠቀሙበት የነበረው የጨረቃ አቆጣጠር ወራት በመሆናቸው፣ አንደኛ ወር፣ ሁለተኛ ወር እየተባሉ ተጠቅሰዋል።

ልደትና ወጣትነት

ጌንሜይ የሚለው ስም ንግሥቲቱ ከሞቱ በኋላ የተሰጣቸው የክብር ስም ነው። በሕይወት ሳሉ ልዕልት አቤ ይባሉ ነበር። የተወለዱት በ661 ሲሆን፣ አባታቸው በኋላ ንጉሠ ነገሥት ተንጂ የተባሉት ልዑል፣ እናታቸውም ሶጋ ከተባለው ኀያል ቤተ ሰብ የተወለዱ እመቤት ነበሩ።

ልዕልቲቱ የተወለዱበት ዘመን ለጃፓን የሥጋት ዘመን ነበር። በ663 ወደ ኮሪያ የዘመተው የጃፓን ጦር በታንግ ቻይናና በሲላ የተባበረ ኀይል ድል ሆነ። ከዚህም የተነሣ የጃፓን ቤተ መንግሥት ከባሕር ማዶ ሊመጣ የሚችለውን ጥቃት በመፍራት አገሩን በአዲስ ሥርዓት ለማደራጀት ተነሣ። የሕዝብ ቆጠራ፣ የተጻፈ ሕግ፣ ቋሚ የግብር ደንብ፣ በዕቅድ የተሠራ ዋና ከተማና በመንግሥት ስም የሚወጣ ገንዘብ፣ እነዚህ ሁሉ በታንግ ቻይና የሚታዩ የመንግሥትነት ምልክቶች ነበሩና ጃፓኖችም አንድ በአንድ ወደ አገራቸው ለማስገባት ጣሩ። የልዕልት አቤ ሕይወት ከዚህ ረዥም ጥረት ጋር አብሮ ያደገ ነው።

አባታቸው ካረፉ በኋላ በ672 የርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። ጦርነቱ በአባታቸው ወንድምና በአባታቸው ልጅ መካከል ነበር። አጎታቸው ድል አድርገው ንጉሠ ነገሥት ተንሙ ተብለው ነገሡ። ልዕልት አቤ በዚያን ጊዜ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። በኋላም የእኚሁ የአጎታቸውን ልጅ አልጋ ወራሹን ልዑል ኩሳካቤን አገቡ። የልዑሉ እናት ደግሞ የልዕልቲቱ የአባት ልጅ ታላቅ እኅት ስለ ነበሩ፣ እኅታቸው አማታቸው ሆኑ። የዚያ ዘመን የንጉሣውያን ጋብቻ እንዲህ የተጠላለፈ ነበር። ከጋብቻቸውም አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ልጆች ተወለዱ።

ወንድ ልጃቸው በተወለደበት በ683 አማታቸው ንጉሠ ነገሥት ተንሙ ከዚያ ወዲያ በብር ፈንታ የመዳብ ገንዘብ እንዲሠራበት ትእዛዝ አወጡ። ይሁንና ሦስት ቀን ሳይቆይ በብር መገበያየት እንዳይከለከል ሌላ ትእዛዝ ተከተለ። ይህ የ683 ትእዛዝ የሚናገርለት ገንዘብ የትኛው እንደ ሆነ ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ቆይቶ፣ በ1999 መጀመሪያ በአሱካ መንደር አሱካይኬ በተባለ ስፍራ በተደረገ ቁፋሮ ፉሆንሰን የተባሉ የመዳብ ገንዘቦች ከማቅለጫ ፍርስራሽ ጋር መገኘታቸው ተገለጸ። ፉሆንሰን ከመዳብ ጋር አንቲሞኒ የተቀላቀለበት ነው። በገበያ ምን ያህል ይሠራበት እንደ ነበረ ሊቃውንቱ አሁንም አልተስማሙም፤ ነገር ግን መንግሥት ገንዘብ ለማውጣት የሞከረው ከዋዶ በፊት መሆኑ ከዚያ ወዲህ ግልጽ ሆኗል። እንግዲህ ልዕልት አቤ በወጣትነታቸው ያዩት ነገር አለ፤ ይኸውም ንጉሥ ስላዘዘ ብቻ መዳብ የብርን ቦታ ወዲያው ሊወስድ አለመቻሉን ነው።

በአደራ የተያዘ ዙፋን

ልዑል ኩሳካቤ በዙፋን ላይ ሳይቀመጡ በ689 ሞቱ። ልዕልት አቤ በ28 ዓመታቸው ሦስት ልጆች ይዘው መበለት ሆኑ። አማታቸው ንግሥት ጂቶ ተብለው ነገሡ፤ በ694 ፉጂዋራ ወደ ተባለው አዲስ ከተማ ገቡ። በ697 ደግሞ ዙፋኑን ለልጅ ልጃቸው፣ ማለትም ለልዕልት አቤ ልጅ አስረከቡ። ይህም ወጣት ንጉሠ ነገሥት ሞንሙ ይባላል። በዘመኑ ታይሆ የተባለው ታላቅ የሕግ መጽሐፍ በ701 ተፈጸመ። ሞንሙ ግን ጤና አልነበረውምና በ707 ገና በወጣትነቱ ሞተ። የተወው ወንድ ልጅ ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነበር።

ሞንሙ በታመመ ጊዜ እናቱ ዙፋኑን እንዲይዙለት ለምኖ ነበር። እሳቸው በመጀመሪያ እምቢ አሉ። ልጃቸው ባረፈ ጊዜ ግን የቃሉን አደራ ተቀብለው በ707 ሰባተኛ ወር በ46 ዓመታቸው ነገሡ። ባል ሞቶባቸው፣ ልጅ ሞቶባቸው፣ ዙፋኑን የያዙት ለልጅ ልጃቸው ለማቆየት ነበር። በአጠገባቸው የነበረው ኀያል ሰው የሕፃኑ የእናት አባት ፉጂዋራ ኖ ፉሂቶ ሲሆን፣ እርሱም የታይሆን ሕግ ካዘጋጁት ዋና ዋና ሰዎች አንዱ ነበር።

የ708 ዓመት ሥራ

በ708 በአንደኛው ወር ከምሥራቃዊው የሙሳሺ ጠቅላይ ግዛት፣ ቺቺቡ ከተባለው ተራራማ ወረዳ ማንጠር የማያስፈልገው የተፈጥሮ መዳብ መገኘቱን የሚገልጽ መልእክት ደረሰ፤ መዳቡም ለቤተ መንግሥት ቀረበ። ንግሥቲቱ ይህን የመልካም ዘመን ምልክት አድርገው ተቀበሉት። የዘመኑን ስም ዋዶ እንዲባል አዘዙ፤ ትርጉሙም የጃፓን መዳብ እንደ ማለት ነው። ለእስረኞች ምሕረት ተደረገ፤ ለሙሳሺም ሕዝብ ከግብሩ ተቀነሰለት።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር የቀኑን ቅደም ተከተል ለሚመለከት ሰው ብዙ ይናገራል። በሁለተኛው ወር የገንዘብ ቀለጣውን ሥራ የሚያፋጥን ሹም ተሾመ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በዚያው ወር፣ በሄይጆ አዲስ ዋና ከተማ እንዲሠራ ትእዛዝ ወጣ። ሄይጆ ዛሬ ናራ የምንላት ከተማ ናት። ገንዘቡና ከተማው በአንድ ወር የታዘዙት በአጋጣሚ እንዳይደለ ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች ያምናሉ። በዚያን ጊዜ የመንግሥት ገቢ ሩዝ፣ ጨርቅ፣ ጨውና የመሳሰለው ነበር። ሕዝቡም በእኛ አገር አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ያገለግል እንደ ነበረው ሁሉ በሩዝና በጨርቅ ይገበያይ ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ ለከተማ ሥራ የሚሰበሰበውን የሰው ብዛት በሩዝና በጨርቅ መክፈል ለጎተራውም ለጭነቱም ከባድ ነበር። መንግሥት ራሱ አቅልጦ የሚያወጣው መዳብ ግን ዋጋው ከብረቱ ዋጋ በላይ ሆኖ ከተተመነ፣ ጉድለቱን የሚሸፍን ትርፍ ይሰጣል። የዋዶ ካይቺን ሚስጥር እዚህ ላይ ነው፤ ያደረሰበትም ችግር የመነጨው ከዚሁ ነው።

ገንዘቡ እንዴት ይሠራ ነበር

ዋዶ ካይቺን ክብ ሆኖ በመሀሉ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለው። በቀዳዳው ዙሪያ አራት የቻይና ፊደሎች ተቀርጸዋል። የመሀል ስፋቱ 24 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፣ አርአያው ታንግ ቻይና ከ621 ጀምሮ ያወጣችው ገንዘብ ነው። የሚሠራውም በመዶሻ በመምታት ሳይሆን አቅልጦ በማፍሰስ ነበር።

ዘዴው እንዲህ ነው። ሁለት ገጽ ባለው መቅረጫ መሀል ለመሀል አንድ ዋና ቦይ ይወጣል፤ ከዋናው ቦይ ግራና ቀኝ ትናንሽ ቦዮች ወደ እያንዳንዱ የገንዘብ ቅርጽ ይሄዳሉ። የቀለጠው መዳብ በዋናው ቦይ ሲፈስስ ቅርጾቹን ሁሉ ይሞላል። ቀዝቅዞ መቅረጫው ሲከፈት ገንዘቦቹ በአንድ ግንድ ላይ እንዳሉ ቅጠሎች ተያይዘው ይወጣሉ። ከዚያም አንድ በአንድ ተቆርጠው አራት ማዕዘን ባለው ዘንግ ላይ ይሰካሉ። ቀዳዳውና ዘንጉ ማዕዘን ያላቸው በመሆኑ ገንዘቦቹ ሳይሽከረከሩ የብዙዎቹ ጠርዝ በአንድ ጊዜ በሞረድ ይስተካከላል። ያው ቀዳዳ በኋላ ገንዘቡን በገመድ ለመሰካት ያገለግላል። የአንዱ ፍሬ ስም ሞን ሲሆን፣ 1000 ሞን በገመድ ሲሰካ አንድ ካን ይባላል። አንዲት ቀዳዳ ለሠራተኛውም ለነጋዴውም እንድታገለግል ሆና መታሰቧ ማንኛውንም የእጅ ሥራ ዐዋቂ የሚያስደስት ነገር ነው።

የቺቺቡ መዳብ የዘመኑን ስም ይስጥ እንጂ ሥራውን ለረዥም ጊዜ የመገበው እርሱ ብቻ አልነበረም። በምዕራብ በናጋቶ ጠቅላይ ግዛት የመዳብ ማዕድን ስለ ነበረ በዚያም የገንዘብ ማቅለጫ ተቋቁሞ፣ የዋዶ ካይቺን መቅረጫዎች በቁፋሮ ተገኝተዋል።

ብር ወይስ መዳብ

የንግሥቲቱ መንግሥት ከ683ቱ ሙከራ የተማረ ይመስላል። ሕዝቡ በብር ቁራጭ መገበያየት ለምዶ ነበርና መዳቡን በድንገት አላመጡበትም። በ708 በአምስተኛው ወር በመጀመሪያ የዋዶ የብር ገንዘብ ወጣ፤ በስምንተኛው ወር ደግሞ የመዳቡ ተከተለ። የብሩ ገንዘብ ለመዳቡ መንገድ ጠራጊ እንዲሆን መታሰቡ ነው።

ይሁን እንጂ ገና በ709 መጀመሪያ የብሩን ገንዘብ አስመስለው የሚሠሩ ሰዎች መብዛታቸውን የሚገልጽና ቅጣት የሚደነግግ ትእዛዝ አስፈለገ። በሦስተኛው ወር ዋጋው አራት ሞንና ከዚያ በላይ የሆነ ግዢ በብር፣ ሦስት ሞንና ከዚያ በታች የሆነ በመዳብ እንዲፈጸም ተደነገገ። በስምንተኛው ወር ግን የብሩ ገንዘብ ቀርቶ በመዳቡ ብቻ እንዲሠራ ታዘዘ፤ በ710 ዘጠነኛ ወር በመላ አገሩ የብር ገንዘብ ተከለከለ። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ ደንብ መለዋወጡ የሚያመለክተው መንግሥት የሕዝቡን ልብ ገና ያላገኘ መሆኑን ነው። በብር ውስጥ ያለው ዋጋ ከራሱ ከብሩ ነው፤ ሰው መዝኖ ይቀበለዋል። በመዳቡ ላይ ያለው ዋጋ ግን አብዛኛው የመንግሥት ቃል ነውና በሚዛን አይገኝም።

የከተማው ሠሪዎች

በ710 በሦስተኛው ወር ቤተ መንግሥቱ ከፉጂዋራ ወደ ሄይጆ ተዛወረ። ሄይጆ የቻይናን ዋና ከተማ ቻንጋንን አርአያ አድርጎ በቀጥተኛ መንገዶች የተከፋፈለ ሲሆን፣ ከደቡብ በር ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚወስደው ሱዛኩ የተባለው ታላቅ ጎዳና ስፋት ከ70 ሜትር በላይ ነበር። ፉጂዋራ ከተገባባት 16 ዓመት ብቻ ሆኗት ነበርና፣ ሁለት ከተማ በአንድ ትውልድ ዕድሜ የሠራው ያው ገበሬ ነው።

የዚህ ሥራ ሸክም በማን ጫንቃ ላይ እንደ ወደቀ የመንግሥቱ ዜና መዋዕል አልደበቀም። በ711 በዘጠነኛው ወር የወጣው ትእዛዝ ከየአገሩ ለከተማው ሥራ የመጡት ሰዎች በድካም ምክንያት እየሸሹ እንደ ሆነ፣ ሽሽቱንም በክልከላ ማስቆም እንዳልተቻለ ይናገራል። በ712 በአንደኛው ወር ደግሞ ሥራቸውን ፈጽመው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ሰዎች ስንቃቸው አልቆ በመንገድ ላይ በረኃብ እንደሚወድቁ ተገለጸ። ንግሥቲቱ የየጠቅላይ ግዛቱ ገዥዎች የተራቡትን እንዲመግቡ፣ የሞቱትንም ቀብረው ስማቸውን ወደ ትውልድ አገራቸው እንዲያሳውቁ አዘዙ።

እዚህ ላይ የገንዘቡ ጉዳይ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆነ። በከተማ ያገኘውን ሞን በመቀነቱ ቋጥሮ ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው በገጠር መንገድ ላይ ሩዝ የሚሸጥለት ካጣ፣ ገንዘቡ ከድንጋይ አይሻልም። መዳብ አይበላም። ገንዘቡ በከተማው አደባባይ ዋጋ ኖሮት በተራራው ሥር ዋጋ ከሌለው፣ የመንግሥት ቃል የሚሠራው እስከ ከተማው በር ድረስ ብቻ ነው ማለት ነው።

ለገንዘቡ መንገድ ማበጀት

ንግሥት ጌንሜይና አማካሪዎቻቸው ይህን ለመለወጥ ከ711 እስከ 713 ድረስ ተከታታይ ደንቦች አወጡ። እነዚህን ደንቦች አንድ ላይ የሚመለከት ሰው የአንድ ሥርዓት ክፍሎች መሆናቸውን ይረዳል።

በመጀመሪያ በ711 አምስተኛ ወር የገንዘቡ ዋጋ ከእህል ጋር ተያያዘ፤ አንድ ሞን ሾ በተባለው መስፈሪያ ስድስት ሾ እህል እንዲያወጣ ተወሰነ። በዚያው ዓመት በዐሥረኛው ወር ሦስት ነገሮች አብረው ታወጁ። የመንግሥት ሹማምንት ከሐርና ከጨርቁ ሌላ ከደመወዛቸው ከፊሉን በገንዘብ እንዲቀበሉ ሆነ። ከዝቅተኛው የስድስተኛ ማዕረግ ጀምሮ ወደ ታች ያሉ ሰዎች 10 ካን አጠራቅመው ለመንግሥት ካቀረቡ አንድ እርከን፣ 20 ካን ካቀረቡ ሁለት እርከን ማዕረግ እንዲጨመርላቸው ተፈቀደ። ሐሰተኛ ገንዘብ የሚሠራ ሰው አንገቱ እንዲቆረጥ፣ ተባባሪዎቹ የመንግሥት ባሪያ እንዲሆኑ፣ ቤተ ሰቡም እንዲጋዝ ተደነገገ። የሌላውን ሰው ገንዘብ ተበድሮ የራሱ አስመስሎ በማቅረብ ማዕረግ የሚሻም እንዲቀጣ ተጨመረ። በሚቀጥለው ወር ገንዘብ ያጠራቀሙ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ማዕረግ ተቀበሉ።

ማዕረግን በገንዘብ የማግኘቱ ደንብ ሁለት ስለት ያለው ነበር። በአንድ ወገን ሰው መዳቡን እንዲፈልገው ያደርጋል፤ መንግሥትም ያወጣውን ገንዘብ መልሶ ይሰበስባል። በሌላው ወገን ግን ሰውን የሚያበረታታው ገንዘቡን በእንስራ ከትቶ እንዲያስቀምጥ እንጂ እንዲገበያይበት አይደለም። ወራጅ ውኃ እንዲሆን የተፈለገው ነገር ኩሬ ይሆናል ማለት ነው። ደንቡ እስከ 800 ድረስ ቆይቶ በዚያ ዓመት ተሻረ።

ለመንገደኛው በቀጥታ የጠቀመው የ713 ሦስተኛ ወር ትእዛዝ ነው። ግብር ተሸካሚዎች ከባዱን ስንቅ በጫንቃቸው ከመሸከም ይልቅ እያንዳንዳቸው አንድ ከረጢት ገንዘብ ይዘው እንዲሄዱ፣ የየጠቅላይ ግዛቱ ገዥዎችም ባለጸጎችን አግባብተው በመንገድ ዳር ሩዝ እንዲያስቀምጡና እንዲሸጡ ታዘዘ። በዓመት ውስጥ 100 ኮኩና ከዚያ በላይ ሩዝ የሸጠ ሰው ስሙ ለቤተ መንግሥት እንዲነገር ተወሰነ። የእርሻ መሬት ሽያጭም በገንዘብ ብቻ እንዲፈጸም፣ በሌላ ነገር የተሸጠ ከሆነ መሬቱና የተከፈለበት ዕቃ እንዲወረሱ ተደነገገ። በዚያው ወር ለወረዳ ሹመት የሚታጩ ሰዎች ስድስት ካን ያጠራቀሙ እንዲሆኑ ታዘዘ።

ይህን ሁሉ አንድ ላይ ስናየው ንግሥቲቱ ከማቅለጫው በር ላይ አለመቆማቸውን እንረዳለን። ገንዘቡ ከመንግሥት ወደ ሠራተኛው፣ ከሠራተኛው ወደ ሩዝ ሻጩ፣ ከሩዝ ሻጩ በማዕረግና በሹመት በኩል ተመልሶ ወደ መንግሥት የሚሄድበትን ዑደት ሊያበጁ ሞክረዋል። ሙከራው በሁሉም ቦታ አልተሳካም። ገንዘቡ በዋና ከተማውና በአካባቢው በደንብ ሲሠራበት፣ በሩቅ አገር ሩዝና ጨርቅ የገንዘብነትን ሥራ አልለቀቁም። ሆኖም የጎደለው ምን እንደ ሆነ ማወቃቸውንና ያንን ለመሙላት መድከማቸውን ማንም ሊክድ አይችልም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በንግሥት ጌንሜይ ዘመን የተሠራው ይህ ብቻ አይደለም። በ712 የአገሩን ጥንታዊ ትረካና የነገሥታቱን ትውልድ የያዘው ኮጂኪ የተባለው መጽሐፍ ተፈጽሞ ቀረበላቸው። በ713 ደግሞ ጠቅላይ ግዛቶቹ ሁሉ የመሬታቸውን ለምነት፣ ምርታቸውን፣ የቦታ ስሞቻቸውን አመጣጥና የሽማግሌዎችን ትውፊት ጽፈው እንዲልኩ ታዘዙ። ፉዶኪ የሚባሉት ጽሑፎች የዚህ ትእዛዝ ፍሬ ናቸው።

በ714 የልጅ ልጃቸው አልጋ ወራሽ ተባለ። ነገር ግን ገና ለጋ ስለ ነበረ በ715 ንግሥቲቱ ድካማቸውንና ዕድሜያቸውን ምክንያት አድርገው ዙፋኑን ለሴት ልጃቸው አስረከቡ። ልጃቸው ንግሥት ጌንሾ ይባላሉ። በጃፓን የዙፋን ታሪክ ነጋሢት እናት ለሴት ልጇ ዙፋን ያስረከበችው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው። የልጅ ልጃቸው በ724 ንጉሠ ነገሥት ሾሙ ተብሎ ሲነግሥ አደራው ለባለቤቱ ደረሰ፤ እሳቸው ግን ያንን ቀን ለማየት አልታደሉም።

ከዙፋን ከወረዱም በኋላ የመዳቡን ዕጣ ለማየት ዕድሜ ነበራቸው። በ721 መጀመሪያ አንድ ርዮ ብር በ100 የመዳብ ገንዘብ እንዲመነዘር ተወሰነ። በዓመቱ በ722 ግን የአንድ ርዮ ብር ምንዛሪ 200 ሆነ። የመዳቡ ገንዘብ ይፋ ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ በብር አንጻር በግማሽ ወረደ ማለት ነው። ንግሥቲቱ ሁለተኛውን ውሳኔ አላዩም፤ በ721 በዐሥራ ሁለተኛው ወር ዐርፈዋልና።

ከማረፋቸው ሁለት ወር በፊት ልዑል ናጋያንና ፉጂዋራ ኖ ፉሳሳኪን አስጠርተው ስለ ቀብራቸው አዘዙ። ታላቅ መቃብር እንዳይሠራላቸው፣ አስከሬናቸው ከናራ በስተ ሰሜን ባለው ኮረብታ ተቃጥሎ ቦታው ራሱ መቃብር እንዲሆን፣ በዚያም ቅጠላቸው የማይረግፍ ዛፎች እንዲተከሉና የተጻፈበት ድንጋይ እንዲቆም፣ በለቅሶው ምክንያትም ሹማምንት ሥራቸውን እንዳያቋርጡ ተናዘዙ። ከተማ ለማሠራት የሕዝብ ጉልበት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያዩ ሰው ለራሳቸው መቃብር ያንን ጉልበት አልጠየቁም።

ከእሳቸው በኋላ

ዋዶ ካይቺን ንግሥቲቱ ካረፉ በኋላም ለረዥም ጊዜ አገልግሏል። በ1970 በቻይና ሺያን ከተማ፣ ማለትም በቀድሞዋ ቻንጋን፣ በተገኘ የታንግ ዘመን ድልብ ውስጥ አምስት የብር ዋዶ ካይቺን ገንዘቦች ተገኝተዋል። ጃፓን ሥርዓቱን ከቀዳችበት አገር ዋና ከተማ ድረስ መሄዳቸው ያስደንቃል።

ይሁንና ወራሾቻቸው ገንዘቡን በአደራነቱ አልጠበቁትም። በ760 በገበያ ካለው ገንዘብ ግማሽ ያህሉ ሐሰተኛ መሆኑ በቤተ መንግሥት ትእዛዝ ተገለጸ። የተወሰደው መፍትሔ አዲስ የመዳብ ገንዘብ አውጥቶ አንዱን አዲስ በዐሥር አሮጌ እንዲመነዘር ማድረግ ነበር። ይህ ለመንግሥት ቀላል ትርፍ ስለሚሰጥ ደጋግመው አደረጉት። ከዋዶ ካይቺን ጀምሮ እስከ 958 ድረስ ዐሥራ ሁለት ዓይነት የመዳብ ገንዘብ ወጣ። የኋለኞቹ መጠናቸው እያነሰ፣ መዳባቸው እየቀነሰ፣ እርሳሳቸው እየበዛ ሄደ፤ በመጨረሻ በላያቸው ያለው ፊደል እንኳ በደንብ የማይነበብ ሆነ። ሕዝቡም አሮጌውን ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው በአንድ ቀን ትእዛዝ ሀብቱ ወደ ዐሥረኛ እንደሚወርድ ስለ ተረዳ ወደ ሩዙና ወደ ጨርቁ ተመለሰ። በ1000 ገደማ በመንግሥት ገንዘብ መገበያየት ቀረ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የጃፓን ነጋዴ እንደገና ገንዘብ ሲይዝ የያዘው ከቻይና የመጣውን ነበር። የጃፓን ማዕከላዊ መንግሥት በሰፊው የሚሠራበት የራሱን የመዳብ ገንዘብ እንደገና ያወጣው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

በእነዚህ 250 ዓመታት ውስጥ የማቅለጡ ጥበብ ከጃፓን አልጠፋም። የንግሥቲቱ የልጅ ልጅ ሾሙ ያሠራው የናራው ታላቅ የቡድሃ ሐውልት በ752 በተመረቀ ጊዜ የፈሰሰበት መዳብ 500 ቶን ያህል ነበር። ያን የሚያህል ሐውልት ማፍሰስ የቻሉ እጆች 24 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን ገንዘብ ማፍሰስ አልተሳናቸውም። የተሳነው ገንዘቡን ተቀብሎ ለሚያሳድረው ሰው የተሰጠውን ቃል መጠበቅ ነው።

እኛም በየሙያችን ግድብ፣ መንገድ፣ ማሽንና መሥመር እንሠራለን። በምረቃው ቀን ሥራው ያለቀ ይመስለናል። ንግሥት ጌንሜይ ግን ገንዘቡ ከማቅለጫው ከወጣ በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ የደከሙት መንገደኛው ሩዝ የሚገዛበትን ቦታ ለማበጀት ነበር። ስለ እኚህ ንግሥት ስናስብ ከሱዛኩ ጎዳና ስፋት ይልቅ በመንገድ ዳር እንዲቀመጥ ያዘዙትን የሩዝ ክምር ማስታወስ ይገባናል። የገንዘቡ ዋጋ የተፈተነው እዚያ ነበርና።